የሳንት ኤጂዲዮ ማኅበር በሮማ ከተማ ስለሚፈጽመው የፈቃድ አገልግሎት

መግቢያ

በአገራችን «ማኅበር» ሲባል ወዲያው በሐሳባችን የሚመጣው በአንድ ጻድቅ ወይም በአንድ መልአክ ስም ተሰብስቦ በየወሩ ጽዋ የሚጠጣው፣ አባሉ ሲታመም የሚጠይቀው፣ ሲያዝን የሚያጽናናውና ለነዳያን ዝክር የሚያወጣው ስብስብ ነው። እንዲህ ያለውን ማኅበር የሚያስተሳስረው አንድም ጕርብትና፣ አንድም ዝምድና፣ አንድም ወዳጅነት ስለ ሆነ አባሎቹ ብዙውን ጊዜ አስቀድመው የሚተዋወቁ ናቸው። ይሁን እንጂ ከተማ እየሰፋ ሲሄድና በአንድ ጎዳና የሚተላለፉት ሰዎች በአገርም በቋንቋም በሃይማኖትም ሲለያዩ አንድ ጥያቄ ሳይነሣ አይቀርም። ማንም የማያውቀውን ሰው ማን ይጠይቀዋል? ማንስ በስሙ ይጠራዋል?

ይህ ጽሑፍ ያንን ጥያቄ በአንድ ምሳሌ ለመመርመር የተዘጋጀ ነው። ምሳሌውም በኢጣልያ ዋና ከተማ በሮማ የሚገኘው የሳንት ኤጂዲዮ ማኅበር ነው። ማኅበሩ የካቶሊክ ምእመናን ማኅበር ሲሆን ዛሬ ከ70 በሚበልጡ አገሮች ውስጥ አባሎች አሉት። በውጭ አገር ስሙ ይበልጥ የታወቀው በአስታራቂነቱ ነው፤ የሞዛምቢክ መንግሥትና ሬናሞ የተባለው የሽምቅ ጦር በኦክቶበር 4 ቀን 1992 የሰላም ውል የፈረሙት በዚሁ ማኅበር አደራዳሪነት ነበር። እዚህ የምንመለከተው ግን ይህን ታላቅ ሥራ ሳይሆን በገዛ ከተማው ውስጥ፣ ከቤቱ ደጃፍ ጀምሮ የሚፈጽመውን የዕለት ተዕለት አገልግሎት ነው።

የማኅበሩ አገልግሎት ብዙ ዓይነት ነው፤ ነገር ግን ሁሉም በአንድ ሐሳብ ላይ የቆመ ሆኖ እናገኘዋለን። ይኸውም ችግረኛው በቍጥር ሳይሆን በስም እንዲታወቅ፣ ከታወቀም በኋላ እሱ ራሱ አገልጋይ የሚሆንበት በር እንዳይዘጋበት ማድረግ ነው። ከዚህ ቀጥሎ ይህ ሐሳብ እንዴት እንደ ተገኘና በሥራ ላይ እንዴት እንደ ዋለ በተራ እናያለን። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ወራትና ዓመታት ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ስለ ማኅበሩ አመሠራረት

ማኅበሩ የተመሠረተው በ1968 ነው። በዚያ ዓመት በብዙ የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪዎች ዐመፅ ተነሥቶ ነበር፤ በሮማም በማርች 1 ቀን ቫሌ ጁሊያ በተባለው ስፍራ ተማሪዎችና ፖሊሶች ተጋጭተው ብዙ ሰው ቈስሏል። ከዚህ ግጭት ጥቂት ሳምንታት አስቀድሞ፣ በፌብሩዋሪ ወር፣ ሊቼዮ ቪርጂሊዮ በተባለው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይማር የነበረ አንድሬያ ሪካርዲ የሚባል የ18 ዓመት ወጣት ጥቂት ጓደኞቹን ሰብስቦ ወንጌልን በአንድነት ማንበብ ጀመረ። የዘመኑ ተማሪ ሁሉ ዓለምን ስለ መለወጥ ይነጋገር ነበርና እነዚህም ወጣቶች ከዚህ ሐሳብ ውጭ አልነበሩም። የተለዩት ግን ለውጡን ከገዛ ከተማቸው ዳርቻ ለመጀመር በመቍረጣቸው ነው።

በዚያን ጊዜ ሮማ ሁለት ከተማ ነበረች ለማለት ይቻላል። አንዱ አብያተ ክርስቲያናቱና አደባባዮቹ የሚታዩበት፣ የውጭ አገር ጐብኚ የሚያውቀው ከተማ ነው። ሁለተኛው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሥራ ፍለጋ ከደቡብ ኢጣልያና ከገጠር የመጡት ድኾች ከሳንቃና ከቆርቆሮ በሠሯቸው ጎጆዎች የሚኖሩበት የዳርቻ ከተማ ነው። በዚያ የሚኖሩት ልጆች በቤታቸው የሚናገሩት የየአገራቸውን የገጠር ቋንቋ ስለ ነበረ በትምህርት ቤት የሚነገረው ኢጣልያንኛ ይከብዳቸው ነበር፤ ስለዚህም ብዙዎቹ ፈተና እየወደቁ ከትምህርት ይቀሩ ነበር። ወጣቶቹ ወደነዚህ ሰፈሮች እየሄዱ ከቀትር በኋላ ልጆቹን ማስተማር ጀመሩ። ይህም «የሕዝብ ትምህርት ቤት» ተባለ፤ ኋላም «የሰላም ትምህርት ቤት» የሚል ስም ወጣለት፤ እስከ ዛሬም ድረስ በዚሁ ስም ይሠራል።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ማኅበሩ የልዩ ልዩ ሕዝቦች ማኅበር የሆነው የውጭ አገር ስደተኞች ወደ ሮማ ከመጡ በኋላ ብቻ አይደለም። በመጀመሪያ የገጠመው «ባዕድ» የገዛ አገሩ ሰው፣ በአነጋገሩና በድኽነቱ የተነሣ በገዛ ዋና ከተማው እንደ እንግዳ የሚቈጠረው የደቡብ ኢጣልያ ገበሬ ነበር። ከዚህ የተገኘው ልምድ በኋላ ከአፍሪካ፣ ከእስያና ከላቲን አሜሪካ የመጡትን ለመቀበል መንገድ ጠርጓል።

በ1973 ማኅበሩ በትራስቴቬሬ ሰፈር ወደምትገኝ አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ገባ። ትራስቴቬሬ ማለት «ከቴቬሬ ወንዝ ማዶ» ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ የቀርሜሎሳውያን መነኮሳይያት ገዳም የነበረች ስትሆን የተሠራችው በደቡብ ፈረንሳይ በኖረው መናኝ በቅዱስ ኤጂዲዮ ስም ነው። ማኅበሩም ስሙን ያገኘው ከዚህችው ቤተ ክርስቲያን ነው። በ1986 የሮማ ቤተ ክርስቲያን መንበር በይፋ የምእመናን ማኅበር መሆኑን ዐወቀለት።

ስለ ሞዴስታ ቫሌንቲ

ማኅበሩ በጎዳና ለሚያድሩ ሰዎች የሚያደርገውን አገልግሎት ለመረዳት በጃንዩወሪ 31 ቀን 1983 የሆነውን ማወቅ ያስፈልጋል። በዚያ ቀን ቴርሚኒ በተባለው ታላቁ የባቡር ጣቢያ ሞዴስታ ቫሌንቲ የተባሉ የ71 ዓመት አሮጊት በድንገት ታመሙ። ሞዴስታ ቤት ስላልነበራቸው የሚያድሩት በጣቢያው አካባቢ ነበር። አምቡላንስ ተጠርቶ መጣ፤ ነገር ግን ሰውነታቸው ቆሽሿል፣ ቅማልም አለባቸው ተብሎ ሳይጫኑ ቀሩ። ሌላ መኪና እስኪመጣ፣ የሚወስዳቸውም እስኪገኝ ሰዓታት አለፉ። በዚህ መካከል ሞዴስታ እዚያው እንደ ተኙ ሞቱ።

የማኅበሩ አባሎች ሞዴስታን ያውቋቸው ነበር፤ ስለዚህ ሞታቸው ለእነሱ የጋዜጣ ወሬ ሳይሆን የወዳጅ ሞት ሆነ። ከዚያ ዓመት ጀምሮ በየዓመቱ በጃንዩወሪ መጨረሻ ለሞዴስታና በሮማ ጎዳናዎች ላይ ለሞቱት ሁሉ ጸሎት ይደረጋል። በጸሎቱ ላይ የሟቾቹ ስም አንድ በአንድ ይነበባል፤ ለእያንዳንዱም ስም ሻማ ይበራል። በአገራችን የሙታን ስም በፍትሐትና በተዝካር ጊዜ እንደሚጠራ ለምናውቅ ሰዎች የዚህ ሥርዐት ትርጕም እንግዳ አይሆንብንም። ልዩነቱ፣ እኛ ዘንድ ስሙን የሚያስጠራው የሟቹ ዘመድ ሲሆን በዚያ ግን ዘመድ ለሌለው ሰው ዘመድ ሆኖ የሚቆመው ማኅበሩ መሆኑ ነው።

ነገሩ በጸሎት ብቻ አላበቃም። በኢጣልያ ሕግ አንድ ሰው በአንድ ከተማ የነዋሪዎች መዝገብ ላይ ካልተጻፈ መታወቂያ ወረቀት ለማውጣት፣ የራሱን ሐኪም ለማግኘት፣ የጡረታና የርዳታ ገንዘብ ለመቀበል ይቸገራል። ለመጻፍ ደግሞ አድራሻ ያስፈልጋል፤ ቤት የሌለው ሰው አድራሻ ከየት ያመጣል? ለዚህ የተገኘው መፍትሔ በካርታ ላይ የሌለ፣ በመዝገብ ላይ ብቻ ያለ የመንገድ ስም ማውጣት ነው። የሮማ ማዘጋጃ ቤት ይህን መንገድ «ሞዴስታ ቫሌንቲ መንገድ» ብሎ ሰይሞታል። ስለዚህ አልጋ አጥተው በጣቢያ የሞቱት ሴት ዛሬ ቤት ለሌላቸው ብዙ ሰዎች የሕግ አድራሻ ሆነዋል።

ስለ ማዕዱና ስለ ጎዳና አገልግሎት

በትራስቴቬሬ ዳንዶሎ በተባለው መንገድ ላይ ማኅበሩ በ1988 የከፈተው የማዕድ ቤት አለ። በሌሎች ከተሞች በብዙ ስፍራ ድኾች የሚመገቡት ሳሕን ይዘው ተሰልፈው፣ ተራቸውን ጠብቀው ነው። በዚህ ቤት ግን እንግዳው ገብቶ በጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣል፤ አገልጋዩም ምግቡን እስከ መቀመጫው ያቀርብለታል። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በሰልፍ የቆመ ሰው የሚያየው የፊተኛውን ሰው ጀርባ ሲሆን በማዕድ የተቀመጠ ሰው የሚያየው የባልንጀራውን ፊት ነው። ተቀምጦ የሚበላ ሰው ይጨዋወታል፤ ሲጨዋወትም ስሙ፣ አገሩ፣ ሕመሙና የጐደለው ነገር ይታወቃል። ስለዚህ አቀራረቡ ለክብሩ ብቻ የተደረገ ሳይሆን ችግሩን ለማወቂያም ጭምር ነው።

በዲሴምበር 27 ቀን 2009 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 16ኛ ወደዚህ ቤት መጥተው ከእንግዶቹ ጋር ምሳ በልተዋል። በዚያን ጊዜ ባደረጉት ንግግር፣ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ እንደሚሆነው ሁሉ በዚህም ቤት አገልጋዩና ተገልጋዩ ሳይለዩ እንደሚቀላቀሉ ገልጸዋል።

ወደ ማዕድ ቤቱ ለማይመጡት ደግሞ አገልጋዮቹ ራሳቸው ይሄዳሉ። በተወሰኑ የሳምንቱ ምሽቶች ምግብ፣ ትኩስ መጠጥና በክረምት ብርድ ልብስ ይዘው በባቡር ጣቢያዎችና በየመንገዱ ዳር የሚያድሩትን ይጎበኛሉ። የሚሄዱበት ቀን የተወሰነ መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም። በጎዳና የሚኖር ሰው ማንም ሲቀጥረው፣ ማንም ሲጠብቀው አይገኝም፤ በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ ያ ሰው ይመጣል ብሎ ለመጠበቅ መቻል ከምግቡ ያላነሰ ዋጋ አለው።

ከ1990 ጀምሮ ማኅበሩ በየዓመቱ አንድ ትንሽ መጽሐፍ ያሳትማል። ርእሱ «የት መብላት፣ የት ማደር፣ የት መታጠብ» ማለት ነው። በውስጡም በሮማ ነጻ ምግብ፣ መኝታ፣ መታጠቢያ፣ ሕክምና፣ የሕግ ምክርና የቋንቋ ትምህርት የሚገኝባቸው አድራሻዎች በዝርዝር ተጽፈዋል። መጽሐፉ በነጻ ይታደላል፤ ሀብታም ጐብኚዎች ምግብ ቤት ከሚመርጡበት ከታወቀው የሚሸለን መጽሐፍ ጋር እያነጻጸሩም «የድኾች ሚሸለን» ይሉታል። አሁን ከ200 ገጽ በላይ ሆኗል። መጽሐፉ የሚዘረዝረው የማኅበሩን ብቻ ሳይሆን የሌሎችንም ድርጅቶች አገልግሎት ስለ ሆነ በከተማው ውስጥ የተበታተነውን ርዳታ ሁሉ ወደ አንድ ያሰባስባል። በዚህ ረገድ ስንመለከተው መጽሐፉ ራሱ የከተማ ጥናት ነው ለማለት ይቻላል።

ከዚህም ሌላ የገናን ምሳ መጥቀስ ይገባል። በ1982 በገና ቀን 20 የሚያህሉ ድኾችና ብቸኛ አረጋውያን በሳንታ ማሪያ በትራስቴቬሬ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በተዘረጋ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ምሳ በሉ። ቤተ ክርስቲያኑ ከሮማ ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት አንዱ ሲሆን በወርቅ ቀለም በደመቁት የግድግዳ ሥዕሎቹ የታወቀ ነው። ለድኾች መግብያ ይሆን ዘንድ የተመረጠው አዳራሹ ወይም ግቢው ሳይሆን ምእመናን የሚቆሙበት የመቅደሱ መካከል መሆኑ ብዙ ሰው አስደንቋል። ይህ ልማድ ከዚያ ጀምሮ ሳይቋረጥ ቀጥሎ ወደ ብዙ አገሮች ተዛምቷል።

ስለ ቋንቋ ትምህርት ቤቱና ስለ ልዩ ልዩ ሕዝቦች

ሮማ ለእንግዳ ሕዝቦች አዲስ ከተማ አይደለችም። የእኛም አገር መነኮሳትና ተሳላሚዎች ከ15ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ በሚገኘው የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ያርፉ እንደ ነበር የታወቀ ነው፤ አባ ተስፋ ጽዮን የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን በ1548 እና በ1549 በሮማ ያሳተሙት በዚሁ ገዳም ሳሉ ነበር። ይሁን እንጂ ለብዙ ዘመን ሕዝቧን ወደ አሜሪካና ወደ ሌሎች አገሮች ስትልክ የኖረችው ኢጣልያ ስደተኛ ተቀባይ አገር የሆነችው ከ1970ዎቹ ወዲህ ነው። ከመጀመሪያዎቹ መጤዎች መካከል ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ይገኙበታል፤ ብዙዎቹም በሰው ቤት ሥራ የሚተዳደሩ ሴቶች ነበሩ።

ማኅበሩ በ1982 ለውጭ አገር ሰዎች የኢጣልያንኛ ትምህርት ቤት ከፈተ። ትምህርቱ በነጻ ነው፤ መምህራኑም ያለ ደመወዝ የሚያስተምሩ ናቸው። ቋንቋ የማያውቅ መጤ ከአሠሪው ጋር ስለ ደመወዙ ለመነጋገር፣ ሕመሙን ለሐኪም ለመናገር፣ ልጁን ትምህርት ቤት ለማስገባት አይችልም፤ ምን ጊዜም በሌላ ሰው አፍ እየተናገረ ይኖራል። ስለዚህ ከዳቦም ከልብስም አስቀድሞ የሚያስፈልገው ቋንቋ ነው የሚለው ሐሳብ በ1968 በጎጆዎቹ ሰፈር ከተገኘው ልምድ የመጣ መሆኑን ለመረዳት አያዳግትም።

የአንድ ሰው ታሪክ ይህን የበለጠ ያስረዳል። ጄሪ ማስሎ የተባለ የደቡብ አፍሪካ ተወላጅ የዘር ልዩነቱን አገዛዝ ሸሽቶ በ1988 ሮማ ደረሰ። በዚያን ዘመን የኢጣልያ ሕግ የስደተኛነት መብት የሚሰጠው ባመዛኙ ከአውሮፓ ለመጡ ሰዎች ብቻ ስለ ነበረ የማስሎ ጥያቄ ተቀባይነት አላገኘም። ማኅበሩ «የአብርሃም ድንኳን» በሚባለው ቤቱ አስጠጋው። የቤቱ ስም አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር እንግዶችን የተቀበለበትን ድንኳን የሚያሳስብ ነው። በ1989 ማስሎ ቲማቲም ለመልቀም ከናፖሊ በስተሰሜን ወዳለችው ወደ ቪላ ሊቴርኖ ሄደ። በኦገስት ወር አንድ ሌሊት ዘራፊዎች ሠራተኞቹ ወደሚያድሩበት ዳስ መጥተው ገንዘባቸውን ሲጠይቁ ማስሎን ተኵሰው ገደሉት። ሞቱ በመላው ኢጣልያ ታላቅ ድንጋጤ ፈጠረ፤ በኦክቶበር 1989 በሮማ ብዙ ሺሕ ሕዝብ የዘር ጥላቻን በመቃወም ሰልፍ ወጣ። በ1990 መጀመሪያ በወጣው ሕግም ከአውሮፓ ውጭ ለመጡት ተዘግቶ የነበረው የስደተኛነት በር ተከፈተ።

ከትምህርት ቤቱ የወጡት ተማሪዎች ሁሉ ተበትነው አልቀሩም። ብዙዎቹ ከኢጣልያውያን ጋር ሆነው «የሰላም ሕዝቦች» በሚባል ስብስብ ውስጥ ገብተዋል። በዚህ ስብስብ ውስጥ ክርስቲያኖችም እስላሞችም ሌሎችም አሉ፤ ሁሉም የየራሱን ሃይማኖት እንደ ያዘ በአንድነት ያገለግላል። ለምሳሌ ያህል፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት ቋንቋ ሊማር የመጣው ስደተኛ ዛሬ በአረጋውያን መጦሪያ ቤት ያሉትን የሮማ ተወላጆች ሄዶ ይጠይቃል። ይህ ነገር በመግቢያችን ከጠቀስነው ሐሳብ ጋር የተያያዘ ነው። ምጽዋት የሚቀበል ሰው ምን ጊዜም ተቀባይ ብቻ ሆኖ ከቀረ በሰጪውና በእሱ መካከል ያለው ግድግዳ አይፈርስም፤ የሚሰጠው ነገር እንዳለው የታወቀለት ቀን ግን እንግዳነቱ ያበቃል።

ስለ አረጋውያን

በ2003 በጋ በአውሮፓ ላይ እጅግ ከባድ ሙቀት ወርዶ በኢጣልያ ብዙ ሺሕ ሰዎች፣ ይልቁንም አረጋውያን፣ ሞተዋል። ከሞቱት ብዙዎቹ ብቻቸውን የሚኖሩ ነበሩ። ሙቀቱን ለመቋቋም የሚያስፈልገው ውኃ መጠጣት፣ መስኮት መዝጋት፣ ቀዝቃዛ ስፍራ መቀመጥ ነበር፤ የጐደለው መድኃኒት ሳይሆን ይህን የሚያሳስብ ሰው ነው።

በማግሥቱ ዓመት በ2004 ማኅበሩ «አረጋውያን ለዘለዓለም ይኑሩ» የሚል ትርጕም ያለውን አገልግሎት በትራስቴቬሬና በቴስታቾ ሰፈሮች ጀመረ። አሠራሩ እንዲህ ነው። በሰፈሩ የሚኖሩት ዕድሜያቸው ከ75 ዓመት በላይ የሆኑት ይመዘገባሉ፤ በስልክ ይጠየቃሉ፤ የሚያስፈልጋቸው ከሆነም በቤታቸው ይጎበኛሉ። ከዚህም በላይ የሕንፃ በር ጠባቂው፣ ባለ ሱቁ፣ መድኃኒት ሻጩና ጎረቤቱ ሁሉ የዚህ ሥራ ተካፋይ ይሆናሉ፤ ዘወትር ዳቦ የሚገዙት አሮጊት ሁለት ቀን ካልታዩ ባለ ሱቁ ለአገልጋዮቹ ይነግራል። እንደ እውነቱ ከሆነ ይህ በአገራችን የቡና ጎረቤት ሳይታዘዝ የሚሠራው ሥራ ነው። አንዲት ጎረቤት ለቡና ስትጠራ ካልመጣች «ምን ሆና ይሆን?» ተብሎ በሯ ይንኳኳል። ጕርብትና በጠፋበት ከተማ ግን ይህን ልማድ በመዝገብና በስልክ እንደ አዲስ መፍጠር ግዴታ ሆኗል።

ከኢትዮጵያ ጋር ስላለው ግንኙነት

በኦክቶበር 3 ቀን 2013 ከላምፔዱዛ ደሴት አጠገብ አንዲት ጀልባ ሰጥማ 368 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም የሚበዙት ኤርትራውያን ነበሩ። እንዲህ ያለው አደጋ ሲደጋገም የሳንት ኤጂዲዮ ማኅበርና በኢጣልያ ያሉት የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት በዲሴምበር 2015 ከኢጣልያ መንግሥት ጋር ስምምነት አደረጉ። በስምምነቱም መሠረት በሊባኖስ የነበሩ ሶርያውያን ስደተኞች ሕጋዊ ቪዛ ተሰጥቷቸው በመደበኛ አውሮፕላን ወደ ኢጣልያ መምጣት ጀመሩ፤ የመጀመሪያዎቹ በፌብሩዋሪ 2016 ሮማ ደረሱ። ይህም «ሰብአዊ መተላለፊያ» ይባላል።

በጃንዩወሪ 2017 ማኅበሩና የኢጣልያ ካቶሊክ ጳጳሳት ጉባኤ ሁለተኛ ስምምነት ፈረሙ። ይህ ደግሞ በኢትዮጵያ በስደት ላይ ለነበሩ ለ500 የኤርትራ፣ የሶማሊያና የደቡብ ሱዳን ሰዎች ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ በዚያው ዓመት በኖቬምበር መጨረሻ ሮማ ገቡ። የጉዞውንና የመቀበያውን ወጪ የቻሉት መንግሥት ሳይሆን ማኅበሩና አብያተ ክርስቲያናቱ ናቸው። የመጡት ቤተሰቦች በአንድ ሰፈር ሳይታጐሩ በየደብሩና በየቤተሰቡ ተከፋፍለው ተቀመጡ፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት ገቡ፤ ዐዋቂዎቹም ወዲያው ቋንቋ መማር ጀመሩ። በጀልባ የሚሄደው ሰው ከሞት ቢያመልጥ እንኳ በማያውቀው አገር ማንም የማያውቀው ሰው ሆኖ ሲወርድ በዚህ መንገድ የሚሄደው ግን ስሙን የሚያውቅ ሰው በአውሮፕላን ጣቢያ ቆሞ ይጠብቀዋል።

ስለ ሥራው አቋምና ስለ ወሰኑ

የማኅበሩ አባሎች የየራሳቸው ሥራና ቤተሰብ ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ ለአገልግሎታቸውም ደመወዝ አይቀበሉም። በሥራ ቀን ማታ በሳንታ ማሪያ በትራስቴቬሬ የኅብረት ጸሎት ይደረጋል። ጸሎቱ ለማንም ክፍት ነው። እነሱ እንደሚሉት ጸሎቱ፣ ድኾችን ማገልገልና ስለ ሰላም መሥራት ሦስቱ የማይነጣጠሉ ናቸው። አንድ ተመልካች በእምነታቸው ባይተባበር እንኳ፣ በየምሽቱ በአንድ ቦታ መገናኘት ሥራውን ከ50 ዓመት በላይ ሳይፈርስ እንዲኖር ያደረገ ማሰሪያ መሆኑን ሊክድ አይችልም።

ይሁን እንጂ በእንዲህ ያለው ሥራ ላይ የሚቀርቡትን ነቀፌታዎች መመርመር ይገባል። አንደኛው ነቀፌታ፣ ምእመናን የመንግሥትን ሥራ በነጻ በሠሩ ቍጥር መንግሥት ይሰንፋል የሚል ነው። ይህ ቃል እውነት አለበት። የማዕድ ቤት ቤት አይሠራም፤ ብርድ ልብስም አልጋ አይሆንም። በ2019 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ከቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ አጠገብ ያለውን ፓላትሶ ሚልዮሪ የተባለ ሕንፃ ለቤት አልባዎች ማደሪያ ሲያደርጉ አገልግሎቱን ለዚህ ማኅበር ሰጥተዋል፤ ነገር ግን አንድ ሕንፃ የአንድን ታላቅ ከተማ የመኖሪያ ችግር ሊያቃልል አይችልም። የማኅበሩ መልስ በሥራው ይታያል። የሰብአዊ መተላለፊያው ስምምነት ምእመናን ለብቻቸው ሊሠሩት የሚቻል አልነበረም፤ ማኅበሩ ግን አሠራሩን አቅርቦ መንግሥትን ወደ ፊርማ አመጣው። ስለዚህ የፈቃድ አገልግሎት የሕግ ምትክ ከሆነ ጕዳት ነው፤ የሕግ መንገድ ጠራጊ ከሆነ ግን ጥቅም ነው።

ሁለተኛው ነቀፌታ፣ መጤው በተቀባዩ ቤት ምን ጊዜም እንግዳ ሆኖ ይቀራል የሚል ነው። ለዚህ ሙሉ መልስ አለ ለማለት አይቻልም። ማኅበሩ የተመሠረተው በሮማ ተወላጆች ነው፤ የሚሠራበትም ቋንቋ ኢጣልያንኛ ነው። ይሁን እንጂ የተማረው እንዲያስተምር፣ የተጎበኘው እንዲጎበኝ መንገድ መከፈቱ ነገሩን በትክክለኛው አቅጣጫ እንደሚመራው አያጠራጥርም።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ ከተጻፈው የምንረዳው፣ በታላቅ ከተማ ውስጥ ድኽነት ከርኃብና ከብርድ በፊት ያለ መታወቅ መሆኑን ነው። ሞዴስታ ቫሌንቲ የሞቱት አምቡላንስ በሌለበት አገር አይደለም፤ አምቡላንሱ መጥቶ ነበር። በ2003 ሙቀት ያለቁትም አረጋውያን ሐኪም በሌለበት ከተማ አልነበሩም። በእነሱና በተዘጋጀው ርዳታ መካከል የጐደለው ስማቸውን ጠርቶ «ይህች የእኔ ናት» የሚል ሰው ነው። የሳንት ኤጂዲዮ ማኅበር የሚሠራው ይህን ክፍት ቦታ ለመሙላት ነው።

የአማርኛ ቋንቋችን ለማኙን «የኔ ቢጤ» ይለዋል፤ እንደ እኔ ያለ፣ የእኔው አምሳያ ማለት ነው። ሲመሽበት ከማያውቀው ሰው ደጃፍ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ» የሚለውን መንገደኛም ቤት ያለው ሰው ሳይጠይቅ ያስገባዋል። እነዚህ ቃላት የተፈጠሩት ግን ሁሉም ሰው የአንድ መንደር ወይም የአንድ ደብር ሰው በነበረበት ዘመን ነው። ዛሬ ከተሞቻችን ከየክፍለ ሀገሩና ከጎረቤት አገሮች በመጡ ሰዎች ሲሞሉ ማኅበሩ፣ ሰንበቴውና ዕድሩ አባል ያልሆነውን፣ ወርኃዊ መዋጮ ለመክፈል የማይችለውንና ቋንቋው የተለየውን መጤ እንዴት እንደሚቀበሉት ለማወቅ ጥናት ያስፈልጋል። ከጓደኞቻችን ተማሪዎች መካከል በዚህ ጉዳይ ላይ ለመመራመር የሚፈልግ ቢኖር የመጀመሪያው ጥያቄው «ስንት ሰው ተረዳ?» የሚለው ሳይሆን «ከተረዱት መካከል ስማቸው የታወቀው ስንቶቹ ናቸው? ከእነርሱስ ዛሬ ሌላውን የሚረዱት ስንት ናቸው?» የሚለው እንዲሆን እናሳስባለን።